ሰምቶ የማይመልስ ማሽን

ደግሞ እኮ ያትማል፣ አያትምም እንዳይባል ያትማል፣ አሁን በገዛ ዓይኗ አይታለች፣ ልጅቱ እዚህ ጽዱ ሥር ተቀምጣ ያቺን እንደ መጽሐፍ የምትገለጥ ኮምፒውተሯን ነካ ስታደርጋት፣ እዚያ ማዶ የኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት ውስጥ ያለው ማሽን እርርር ብሎ ወረቀት ተፋ፣ ዲያቆን ናትናኤል ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድፎ በሁለት እጁ ይዞ ከበሩ ብቅ አለ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ እያለ፣ ታዲያ ማተሙን ካወቀበት ማየቱ ምን ከበደው፣ አንድ ማሽን አይደለም እንዴ፣ አንድ ሆድ፣ አንድ ገመድ፣ አመተ ሥላሴ ነገሩ ሊዋጥላት አልቻለም፣ አልገባኝም ብላ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም፣ ከራሷ ጋር ታወራለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ያያት ሰው ዳዊት የምትደግም ይመስለዋል፣ ዳዊት የት አውቃው፣ ሰባ ዓመት ኖራ ከፊደል ጋር ሰላምታ እንኳ የላት።

አልተገኘም ይለኛል እማማ፣ ትላለች ሕሊና፣ ስካነር አልተገኘም።

እንዴት አልተገኘም፣ እዚያ ተቀምጦ እያየነው!

ሦስት ሥራ ይሠራል ብላት ነበር ጠዋት፣ ከንፋስ መውጫ በባጃጅ ስታመጣው፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ሕፃን፣ ይኸውልዎ እማማ፣ ያትማል፣ ኮፒ ያደርጋል፣ ስካን ያደርጋል፣ ስካን ደግሞ ምንድን ነው ልጄ፣ ገጹን መስታወቱ ላይ ሲያስተኙት ከሥሩ መብራት ይሄድበታል፣ ያየውን በገመዱ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ አይረሳም፣ አይረሳም? አይረሳም፣ ዝናብ ቢያፈስ፣ አይጥ ቢበላ፣ አይረሳም። ልቧን የሰጠቻት ያን ጊዜ ነው፣ ዝናብና አይጥ ብላ ሳይነገራት የምታውቅ ልጅ፣ ነገሩ እኮ ሌላ አይደለም፣ ዝናብና አይጥ ነው፣ አምና ክረምት የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ ተበስቶ በየኔታ ድጓ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ከርሟል፣ በመስከረም ሣጥኑ ሲከፈት ጥራዙ ተፈትቶ፣ ጥጉ ተበልቶ፣ ቀዩ ቀለም ወደ ጥቁሩ ፈስሶ፣ ይህን ቄሰ ገበዝ ናቸው ራሳቸው መጥተው የነገሯት፣ ቤቷ ድረስ፣ ቆመው፣ አልቀመጥም ብለው። ዘንድሮስ? ግንቦት እያለቀ ነው፣ ደመናው ከጉና በኩል መከማቸት ጀምሯል።

የኔታ ማለት ባሏ ናቸው። የኔታ ወልደ ሩፋኤል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ ዘንድሮ አሥራ አንድ ዓመት፣ ድጓውን መጻፍ የጀመሩት ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ተማሪ ሳሉ ነው፣ የዓመቱን ዜማ በሙሉ፣ ከዮሐንስ እስከ ጳጉሜን፣ በገዛ እጃቸው፣ የጨረሱት ግን እዚህ ነው፣ እሷ ቤት፣ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ ብራናው ጉልበታቸው ላይ፣ እሷ ዶሮ ስታባርር፣ አንዲት ቄብ ገና ባልደረቀ ገጽ ላይ ጥፍሯን ተክላ አልፋ የኔታ ምን አሉ፣ ይህችስ ሦስት እግር ዜማ ጨመረችልን፣ ብለው ሳቁ፣ ሌላ መምህር ቢሆን ያን ቀን ዶሮዋ ወጥ ነበረች። ደግሞ ያ ብቻ አይደለም፣ ከያንዳንዱ መስመር በላይ ምልክቱ አለ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ዜማው እዚህ ይውጣ፣ እዚህ ይውረድ፣ እዚህ ይርገጥ የሚል፣ እሱን ለመጻፍ ዓይናቸውን ጨረሱት። ጠዋት ሕሊና በስልኳ ልታነሳው ሞከረች፣ አይ፣ ናትናኤል ከውስጥ አንስቶ አመጣላት፣ ዕቃ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ምልክቱ ጉንዳን የሄደበት መስሎ ወጣ። ቄሰ ገበዝም ኮፒ አድርጉታ፣ ምን ያስጨንቃችኋል፣ አሉ፣ አንድ ገጽ ኮፒ ሆነ፣ ቀዩ ጠቆረ፣ ጥቁሩ ከቀዩ ጋር ተቀላቀለ፣ በዚህ እኔም ዜማ አልመራበትም፣ ይህማ የባሰ ነው፣ አሉና ራሳቸው ቀደዱት። ስለዚህ ስካኑ ነው ያለው። ስካኑ ደግሞ አልተገኘም።

ቀኑም ቢሆን ዛሬ ብቻ ነው፣ ሰበካ ጉባኤው የፈቀደው አንድ ቀን ነው፣ አንድ ቀን እንኳ ስንት ክርክር ተከራክረው፣ መጽሐፉ ከዕቃ ቤት አይወጣም፣ ሣጥኑ ሲከፈት ቄሰ ገበዝ ከሣጥኑ አይለዩም፣ ሴት ወደ ዕቃ ቤት አትገባም፣ ማሽን ቢገባ ግን፣ እስኪ፣ ማሽን ወንድ ነው ሴት፣ ብሎ አንዱ ሽማግሌ ጠየቀ አሉ፣ ተሳቀ፣ ማሽኑ ገባ። ባጃጁ ዐሥር ሰዓት ላይ ይመለሳል፣ ሕሊናም ማሽኗም በዚያው ይሄዳሉ፣ ነገ ፎቶ ኮፒ ቤቷ መከፈት አለበት፣ የምትተዳደርበት እሱው ነው። አሁን ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አንድ ገጽ፣ አንዲት ገጽ አላለፈም።

ይህችን ልጅ ግን እዩልኝ።

ስትሳደብ አላየቻትም፣ ማሽኑን ስትመታ አላየቻትም፣ የዘመኑ ልጅ ስልኩ ሲዘገይበት እንኳ በጥፊ ይለዋል፣ ይህች ግን ትንሽ ደብተር አውጥታ የሞከረችውን እየጻፈች አንዱን ስትጨርስ ትሰርዘዋለች፣ ገመዱን ነቅላ በሌላው ቀዳዳ ሰካች፣ ሰረዘች፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራች፣ ሰረዘች፣ ድራይቨሩ የማተሚያው ብቻ ይሆን ወይ፣ ብላ ፈለገች፣ አይደለም፣ የሁለቱም አለ፣ ሰረዘች፣ ድራይቨር ማለት ምንድን ነው ልጄ፣ አስተርጓሚ በሉት እማማ፣ ማሽኑ የሚናገረውን ለኮምፒውተሩ የሚተረጉም፣ አይ ደግ፣ አስተርጓሚውም ካለ፣ ሹሙም ካለ፣ ባለጉዳዩም ካለ፣ ታዲያ ነገሩ ምን ያዘው፣ እሱን ነው የምፈልገው እማማ፣ ትላለች፣ ፈገግ ብላ፣ ላቧን በክንዷ ጠርጋ፣ ደክሟታል፣ ቁርስ አልበላችም፣ አመተ ሥላሴ የቆሎ ጥቅሏን ስትዘረጋላት አንድ ጭብጥ ዘግና ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም፣ መስኮት ነው የሚሉት የኮምፒውተሩን ፊት፣ እሷ ናት ያለችው።

ሰውዬው ምን ይላል አሁን፣ ይላሉ ቄሰ ገበዝ ማሩ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ ሆነው፣ ቁልፉን ጣታቸው ላይ እያሽከረከሩ፣ ሰውዬው የሚሉት ማሽኑን ነው።

አይመልስም አባ፣ ያትማል እንጂ አይመልስም፣ የምልክለትን ይሰማል፣ ያየውን ግን አይልክልኝም።

ንስሐ ያልገባ ነዋ! ትእዛዝ ይሰማል፣ ሲጠየቅ ዝም። እንደ ናትናኤል።

ኧረ አባ፣ ይላል ናትናኤል ከውስጥ፣ እኔ ምን አደረግሁ።

አመተ ሥላሴ ትስቃለች፣ ስትስቅ ግን ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ቁጭ ይላል፣ ሰምቶ የማይመልስ፣ ሰምቶ የማይመልስ ማን ነበር፣ እሷ ነበረች። የኔታ በታመሙበት ሰሞን፣ አመተ፣ ድጓዬን ለኪዳነ ምሕረት፣ አሉ፣ ሰማች፣ አልመለሰችም፣ እሺ የምትል አንዲት ቃል እኮ ናት፣ ከጉሮሮዋ አልወጣችም፣ ለልጆቹስ፣ ለእኔስ፣ ምን ይቀረኛል፣ አላለችም ግን ሆዷ ብሏል፣ ተዝካሩ ሳይወጣ አባ ጓዴ፣ ያኔ ቄሰ ገበዝ እሳቸው ነበሩ፣ መጽሐፉን ጠየቁ፣ ሁለት ቀን ጎታ ውስጥ ደበቀችው፣ በገብስ ቀበረችው፣ ሁለት ቀን ብቻ፣ ማንም አላወቀም፣ እግዜር ነው ያወቀ፣ በሦስተኛው ቀን ገብሱን አራግፋ ራሷ ተሸክማ አመጣችው። ከዚያ ወዲህ አላየችውም። አሥራ አንድ ዓመት። በዕቃ ቤቱ በር ስታልፍ ግድግዳውን ታያለች፣ ከዚህ ግድግዳ ኋላ ነው ያሉት፣ ትላለች፣ ሰው እንደታሰረ። ዛሬ በኮምፒውተሩ ፊት ታይዋለሽ ስትባል ሌሊቱን ሙሉ ነጠላዋን ስታጥብ ስታሰጣ አደረች፣ መጽሐፍ ሊያያት ይመስል፣ አሁን ደግሞ አልተገኘም፣ እኔ ነኝ እንዴ ያስቀረሁት፣ ያን ሁለት ቀን ቆጥረውብኝ፣ አንቱ፣ ቆጥረውብኝ ነው?

ተይ። የኔታ ቂም የላቸውም። ገመድ ነው ይሄ።

ደግሞ ገመዱ፣ ምን ያህል ገመድ ነው፣ አንድ አልበቃ ብሎ ሁለት፣ ሁለቱን ያጋጠመ ሦስተኛ ቁራጭ፣ ከጽዱ ሥር ተነሥቶ፣ በሣሩ ላይ ተጋድሞ፣ ሰው እንዳያደናቅፍ ናትናኤል ድንጋይ ድንጋይ ጭኖበት፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ ደፉን ተሻግሮ፣ ወደ ውስጥ፣ ይህ ሁሉ ለምን፣ ሕሊና ሴት ስለሆነች፣ ቄሰ ገበዝ በርጩማዋን በገዛ እጃቸው አምጥተው እዚህ ጽዱ ሥር አኖሩላት፣ ከዚህ ወዲያ ይበቃል ልጄ፣ አሉ፣ በደግነት ነው፣ ጥላም አለው ብለው ነው፣ ልጅቱም እሺ አባ አለች፣ ጨዋ ናት፣ አባቷም የየኔታ ተማሪ ነበር፣ መልካሙ፣ ያ ድምፀ መረዋ፣ መዝሙር ላይ ግን ሁልጊዜ አንዲት ቦታ የሚስት፣ የኔታ እሱን እንዴት ነበር የሚያርሙት፣ አይመቱም እኮ፣ ሌላው መምህር አለንጋ አለው፣ የኔታ ግን ተማሪ ሲሳሳት ስሕተቱን አይነግሩትም፣ ተመለስ ይሉታል፣ መጨረሻ ልክ ወደነበርህበት ተመለስ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ፣ ልክ ነው? ልክ ነው፣ ሌላ አንድ፣ ልክ ነው? እዚያ ጋ ነው የሳትኸው።

ሕሊና እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታለች።

ደብተሯን ትገልጣለች፣ ትዘጋለች፣ ጽዱን ሽቅብ ታያለች፣ ቆይ ቆይ፣ ትላለች ለራሷ፣ ትናንት ቤቴ ሠርቷል፣ ትናንት ማታ ራሴ ሞክሬዋለሁ፣ ኮምፒውተሩም ያው፣ ማሽኑም ያው፣ ድራይቨሩም ያው፣ ትናንት የነበረ ዛሬ የሌለ ምንድን ነው፣ አመተ ሥላሴ ታማትባለች፣ መድኃኔ ዓለም፣ ይህች ልጅ የኔታን አላየችም፣ የኔታ ሲያርፉ ገና የስምንተኛ ክፍል ልጅ ናት፣ ማን አስተማራት፣ መጨረሻ ልክ ወደነበረበት እየተመለሰች ነው፣ አንድ እርምጃ፣ ልክ ነው? ልክ ነው።

ገመዱ! ትላለች ሕሊና። ትናንት አጭሩ ገመድ ነበር። ዛሬ ነው የቀጠልሁት።

ቀጠልሁት ማለት? ይላሉ ቄሰ ገበዝ።

አባ፣ ረዝሟል፣ ለማተም ሲሆን የምልከው ቀላል ነው፣ እንደምንም ይደርሳል፣ ስካን ሲሆን ግን ማሽኑ ነው ብዙ የሚናገረው፣ ድምፁ መንገድ ላይ ይደክማል፣ ኮምፒውተሩ አይሰማውም፣ ስለማይሰማው የለም ይላል።

ኧረ ይኸማ! አመተ ሥላሴ ጭኗን ትመታለች፣ ይኸማ የሚታወቅ ነው፣ ገደል አፋፍ ላይ ቆመሽ ማዶ ያለን ሰው ስትጠሪ፣ እሱ ሰምቶሽ ይመልሳል፣ መልሱን ነፋሱ ይወስደዋል፣ አንቺ ደግሞ ሰውዬው የለም ብለሽ ትሄጃለሽ፣ እሱ እዚያ ሆኖ ጉሮሮው እስኪደርቅ እየጮኸ፣ ስንቱ ሰው እንዲያ ቀርቷል፣ ስንቱ በግ እንዲያ ጠፍቷል፣ ለካስ ማሽኑ ዝም አላለም፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲመልስ ነው የዋለ፣ እኛ ራቅን እንጂ። እኛ ነን በክብር የራቅነው።

አሁን አጭሩ ገመድ ከቦርሳዋ ወጥቷል፣ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው፣ ከክንድ ከስንዝር በላይ መራቅ የለም፣ ልጅቱ ማሽኑ ዘንድ ልትሆን ነው፣ ማሽኑ ደግሞ መጽሐፉ ዘንድ፣ መጽሐፉ አይወጣም፣ ልጅቱ አትገባም፣ እንግዲህ ፍረድ። ናትናኤል ኮምፒውተሩን ያስገባው፣ ይላሉ ቄሰ ገበዝ፣ ናትናኤል ይይዘዋል፣ አንድ ቦታ ይነካል፣ ፊቱ ይጨልማል፣ ናትናኤል ደግሞ ከኮምፒውተሩ ብሶ ይጨልማል፣ ሕሊና፣ ገደልሁት መሰለኝ፣ አልገደልኸውም ተኝቶ ነው፣ ስጠኝ፣ አባ እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም፣ ተዉኝ እኔ ገጽ ልግለጥ።

በሩ ላይስ? ትላለች ሕሊና፣ ቀስ ብላ፣ ማሽኑ ደፉ ላይ ቢቀመጥ፣ ናትናኤል ከውስጥ ሆኖ ገጹን ያስተኛል፣ መጽሐፉ ከውስጥ እጅ አይወጣም፣ እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ በገመዱ እቀበላለሁ፣ እግሬ አይገባም።

በቄሰ ገበዝ ጣት ላይ ቁልፉ መሽከርከሩን ይተዋል። ክፉ ሰው አይደሉም ማሩ፣ ይህን አመተ ሥላሴ ታውቃለች፣ ከእሳቸው በፊት አንድ እንግዳ መጥቶ አንድ ገድል ላንብብና ልመልስ ብሎ ወስዶ እንደወጣ ቀርቷል፣ ከዚያ ወዲህ ነው ይህ ሁሉ ጥብቅነት፣ እሳቸው በተሾሙ ቀን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ተቀብለው አልቅሰዋል አሉ፣ ሸክም ስለሆነ፣ አሁንም ያን ፊት ነው የሚያሳዩት፣ ደፉስ፣ ይላሉ፣ ደፉ የማን ነው፣ የውስጥ ነው የውጭ? መስታወቱ ላይ ሲተኛ መጽሐፉ ወጥቷል ነው የሚባለው ወይስ አልወጣም? እኔ በዚህ ነገ ብጠየቅ ምን እላለሁ?

ሕሊና መሬት ታያለች፣ ናትናኤል ጣሪያ ያያል፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው፣ አመተ ሥላሴ ታዲያ እግሯ መቼ እንደተነሣ አላወቀችም፣ ደረጃው ሥር ቆማለች፣ ዝም በይ ይላታል አንድ ነገር፣ አንቺ ያልተማርሽ፣ ማን ነሽና በዕቃ ቤት ጉዳይ፣ ዝም እንዳትይ ይላታል ሌላው፣ አንድ ጊዜ ሰምተሽ ሳትመልሺ ቀርተሻል፣ ይበቃሻል።

አባ፣ እኔ ልናገር?

ይናገሩ እመይቴ።

ይህን ድጓ ያስረከብሁት እኔ ነኝ፣ በዚች እጄ፣ አባ ጓዴ እዚያ ውስጥ ቆመው፣ እኔ እዚህ ቆሜ፣ መጽሐፉ በደፉ ላይ፣ የእኔ እጅ ሳይለቅ የእሳቸው እጅ ያዘ፣ እንዲያውም ቶሎ አልለቀቅሁም፣ ማርያምን፣ አባ ጓዴ ሳብ አድርገው ነው የወሰዱት፣ ያን ጊዜ መጽሐፉ ወጥቷል ወይስ ገብቷል አላለኝም ማንም፣ ደፍ መቀባበያ ነው አባ። ደግሞስ እኛ ሴቶች መጥተን ስንሳለም ምኑን ነው የምንሳለም፣ መቃኑን አይደል፣ ደፉን አይደል፣ ከንፈሬን የማሳርፍበትን ደፍ ለዚች ልጅ ገመድ ይከለክሏታል?

ትጨርሳለች። ምን ለፈለፍሁ።

ቄሰ ገበዝ ማሩ ያዩዋታል፣ ከዚያ ናትናኤልን ያያሉ፣ ከዚያ ደግሞ እሷን፣ ከዚያ ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ እመይቴ አመተ ሥላሴ፣ ይላሉ፣ አንቱ ቅኔ ቤት ገብተው ቢሆን ኖሮ ይኸን ጊዜ እኛ በግ ጠባቂዎች ነበርን። ናትናኤል! ምን ትገተራለህ፣ ማሽኑን አምጣ፣ ደፉን መጀመሪያ ጥረገው።

ይጠረጋል፣ ንጹሕ ጨርቅ ይነጠፋል፣ ማሽኑ ይመጣል፣ ከባድ ነው፣ ናትናኤል ያቃስታል፣ ሕሊና ደረጃው ላይ ተንበርክካ አጭሩን ገመድ ታጋጥማለች፣ ቀጭ። ሁሉም ወደ ኮምፒውተሩ ያያል፣ ቄሰ ገበዝ ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው።

አልተገኘም።

ኧረ በሥላሴ።

አይዟችሁ፣ ትላለች ሕሊና፣ ድምፁ አሁን ደርሷል፣ ኮምፒውተሩ ነው ከጠዋት ጀምሮ የለም የለም ሲል አመል የሆነበት፣ የጠዋቱን ትውውቅ ላጥፋውና እንደ አዲስ ይተዋወቁ፣ ትላለች፣ ገመዱን መልሳ ትነቅላለች፣ ማሽኑን ታጠፋለች፣ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የማሽኑን ስም ፈልጋ ትሰርዛለች፣ አስተርጓሚውንም አስወጥታ እንደገና ታስገባለች፣ ገመዱን አሁን አትነካም፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው ገመዱ፣ ለእንግዳ ሳይሰናዱ በር አይከፈትም እማማ፣ ትላለች፣ አመተ ሥላሴ አፏን ከፍታ ታያለች፣ ይህች እጅ፣ ይህች ቀጭን እጅ፣ ጥፍሯ ላይ ሰማያዊ ቀለም ነክቷት፣ ስንት ሰው ወረቀቱን ይዞ እሷ በር ላይ ይቆማል፣ አንዱ የጠፋ መታወቂያ፣ አንዱ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ ሁሉን እንዲህ ነው የምታደርግለት፣ ሳትቆጣ፣ ተመልሳ፣ አንድ በአንድ፣ መምህር ነው እኮ ይሄ፣ ማን ነው መምህር ጥምጣም ብቻ ነው ያለው፣ እናቷ ምነኛ የታደለች ናት፣ ማሽኑ ይበራል፣ ያጉረመርማል፣ ጸጥ ይላል፣ አሁን ገመዱ፣ በስም አብ፣ ትላለች ሕሊና፣ ይህን ስትል ቄሰ ገበዝ ወወልድ ይላሉ፣ ቀጭ፣ ኮምፒውተሩ ከሆዱ ድን ይላል፣ አንዴ፣ ይዘገያል፣ እንደገና ድን፣ ሁለቴ፣ ጠዋት አንዴ ነበር ያለው፣ አመተ ሥላሴ ቆጥራለች፣ ጠዋት አንዴ ብቻ ነው፣ አሁን ሁለቴ።

ተገኘ፣ ትላለች ሕሊና፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ጮክ ብላ፣ ተገኘ! ስካነሩ ስሙ መጣ!

ናትናኤል እልል ሊል አፉን ይከፍትና ዲያቆን እልል እንደማይል ትዝ ብሎት ይዘጋዋል፣ አመተ ሥላሴ ግን ዕድሜዋም ክህነትም አይይዛትም፣ እልልታውን ታስነካዋለች፣ ጽዱ ላይ ያሉ ወፎች ይነሣሉ።

በሉ፣ ይላሉ ቄሰ ገበዝ፣ ፈጠን ነው፣ ባጃጁ ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ይህ ሁሉ ገጽ አለ። ራሳቸው ከሣጥኑ የመጀመሪያውን ገጽ ያወጣሉ፣ በሁለት እጃቸው፣ ናትናኤል ይቀበላል፣ መስታወቱ ላይ ያስተኛዋል፣ መክደኛውን ቀስ አድርጎ ይመልሳል፣ እማማ ይቅረቡ፣ ትላለች ሕሊና፣ እዚህ ጋ፣ አጠገቤ ይቀመጡ፣ አመተ ሥላሴ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፣ ትከሻቸው ይነካካል፣ ከመክደኛው ሥር ነጭ መብራት ይበራል፣ መሄድ ይጀምራል፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ሰው ጧፍ ይዞ በጨለማ ቤት እንደሚያልፍ፣ እዚህ በኩል ደግሞ በኮምፒውተሩ ፊት ላይ ገጹ ከላይ ብቅ ማለት ይጀምራል፣ ሁሉም በአንዴ አይመጣም፣ መጀመሪያ ባዶው ጠርዝ፣ የብራናው ብጫ፣ ከዚያ ቀይ መስመር፣ ከዚያ ጥቁር፣ ሰው ዳገት ሲወጣ ቁልቁል ሆነሽ ስትጠብቂው፣ አይ፣ አፋፍ ሆነሽ ስትጠብቂው፣ መጀመሪያ ጥምጣሙ ብቅ እንደሚል፣ ከዚያ ግንባሩ፣ ከዚያ ትከሻው፣ ፊቱ ገና ሳይለይ አረማመዱን አይተሽ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ፣ ፊደል አታውቅም አመተ ሥላሴ፣ ሀ እና ሐ ቢለዋወጡባት አይገባትም፣ ይህን አረማመድ ግን ታውቃለች፣ ወደ ቀኝ ጋደል የሚል፣ መስመሩ መጨረሻ ላይ የሚጣደፍ፣ ቤት ሲቃረቡ እንዲህ ነበር የሚፈጥኑት፣ ራት ቀዝቅዞ ይሆን ብለው፣ ምልክቱም አለ፣ ጤፉ አለ፣ ሁሉም፣ አንድም አልጎደለ፣ ጥጉ ላይ ዝናቡ የበላው አለ፣ እሱም ይታያል፣ ይሁን፣ የት ይሄዳል፣ ሰው ተጎድቶም ይመጣል።

ላንብብልዎ እማማ? ትላለች ሕሊና፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። የሚለውን?

ተይ ልጄ።

ግዕዙን ባላውቀውም ላነብበው እችላለሁ፣ ፊደሉን...

ተይ፣ የሚለውን እነዚህ ያውቁታል። እኔ አየሁት።

መብራቱ ከመክደኛው ሥር ይጠፋል። ናትናኤል መክደኛውን ከፍ አድርጎ ገጹን ያነሣል፣ ቄሰ ገበዝ ሌላውን ይዘው ቆመዋል፣ ከጉና በኩል ነፋሱ መጥቶ ጽዱን ያንሿሿዋል፣ ሕሊና የሆነ ነገር ትነካለች፣ ገባ፣ ተቀመጠ፣ ትላለች፣ ይሄኛው ከእንግዲህ አይጠፋም።

ቀጣዩን ላስተኛ? ይላል ናትናኤል፣ የሚጠይቀው ሕሊናን ነው፣ ቀድማ የምትመልሰው ግን አመተ ሥላሴ ናት፣ ዓይኗን ከብርሃኑ ሳትነቅል፣ አስተኛ ልጄ፣ ትላለች፣ ይምጡ።